ጥርስ የለመነው መሥሪያ ቤት

የመብራት አገልግሎትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የተቋቋመበት አዋጅ ዘመኑ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ የምክር ቤት አባላት «አዋጁ ይታደስ ወይስ ይቅር?» ብለው ለመጠየቅ የከተማውን ሕዝብ ሰበሰቡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ከማንም ቀድመው ተነሡ።

«መብራት ሲጠፋባችሁ ዝም ያልነው ወደን አይደለም» አሉ። «አሮጌው አዋጅ ጥርስ የሌለው አንበሳ አድርጎን ነው። አዲሱ አዋጅ ጥርስ ያብቅልልን። ይህን የሚቃወም ካለ ይነሣና ፊቱን እንየው።»

ፊቱን ማሳየት የፈለገ አልነበረም። አንዲት ባለወፍጮ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ኃላፊው ወዲያው አወቋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወፍጮሽ የሚዞረው በመብራት መሆኑን እንዳትረሺ» አሏት።

ልትቀመጥ አሰበች፤ ግን አንዴ ከቆመች ወዲያ መቀመጡ አሳፈራት።

«አልረሳሁም ጌታዬ» አለች። «ወፍጮዬ በቆመ ቁጥር አቤት ልል ወደ ቢሮዎ የመጣሁት በግ እየጎተትኩ ነው። ያለ ጥርስ በጎቼን አንድ ሳታስቀሩ በልታችሁ ጨርሳችኋል።»

ከዚያም ወደ ምክር ቤት አባላቱ ዞረች።

«እናንተ ጌቶቼ፣ ጥርስ የምታበቅሉላቸው ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝና ልሽሽ፤ ከእንግዲህ ከግቢዬ የሚበላ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ።»