ጋሽ ይመር ያልወጡት ደረጃ

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም፤ ደረጃ ነው ያለበት።

ደሴ ውስጥ ዘርትሁን የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከጋሽ ይመር ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ወደ ክፍሏ ከሚያወጣው የእንጨት ደረጃ አንዱ እርከን በስብሷል። ክረምት ሳይገባ ነግራቸዋለች፤ "እሺ ልጄ፣ አሠራዋለሁ" ብለዋታል። እሺታ ደግሞ እንጨት አይጠግንም። አንድ ጠዋት እርከኑ ከዳትና ወደቀች፤ የስፌት መኪናዋን የምትረግጥበት እግሯ ተሰበረ። በጀሶ ታስራ ተኛች። ሰፈሩ ሁሉ ጠየቃት፤ ከሥሯ የሚኖሩት ጋሽ ይመር ብቻ ቀሩ። ከስብራቱ ይልቅ ይኼ አንገበገባት። "ወጥተው 'እግዜር ይማርሽ' ይበሉኝ፤ ሌላ አልፈልግም" አለች።

ጎረቤቷ ዘሀራ ወረደች። "ጋሽ ይመር፣ ይጠይቋት እንጂ።"

"ልቤማ እላይ ነው። ግን ቤቱ ኢንሹራንስ አለው። 'ሳንፈቅድልህ ጥፋት እንዳታምን' ብለውኛል፤ ከጠየቅኳት አመንኩ ማለት ነው" አሉ።

ዘሀራ ወደ ኢንሹራንሱ ሄደች። "ጋሽ ይመር አልጠይቅም አሉ፤ ፍቀዱላቸው።" ኢንሹራንሱ፣ "መርማሪያችን ደረጃውን ሳያይ አልፈቅድም" አለ።

ወደ መርማሪው ሄደች። "ኢንሹራንሱ አልፈቅድም አለ፣ ጋሽ ይመር አልጠይቅም አሉ፤ ደረጃውን እይልን።" መርማሪው፣ "ፖሊስ ሳይጽፍ አላይም" አለ።

ወደ ፖሊሱ ሄደች። "መርማሪው አላይም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልፈቅድም አለ፣ ጋሽ ይመር አልጠይቅም አሉ፤ ጻፍልን።" ፖሊሱ፣ "የወደቀችው ሴት ቃሏን ሳትሰጥ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ። እውነቱን ነው።

ዘሀራ እግሯ እስኪዝል ዞራ፣ የተሰበረውን እርከን ተሻግራ ወጣች። "ፖሊሱ አልጽፍም አለ፣ መርማሪው አላይም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልፈቅድም አለ፣ ጋሽ ይመር አልጠይቅም አሉ፤ እባክሽ እቴ፣ ቃልሽን ስጪ።"

ዘርትሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "አልሰጥም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ነገራችን ከፖሊስ ይጀመር? መጀመሪያ ይጠይቁኝ" ብላ አለቀሰች።

ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይኼ ነው። ዘሀራ ተመልሳ ጋሽ ይመር ፊት ቆመች። "ዘርትሁን ቃሌን አልሰጥም አለች፣ ፖሊሱ አልጽፍም አለ፣ መርማሪው አላይም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልፈቅድም አለ፣ እርስዎም አልጠይቅም አሉ። ለመሆኑ ሞታ ቢሆን ለቅሶዋን ለመድረስም ያስፈቅዱ ነበር?"

ጋሽ ይመር ወደ ላይ አንጋጠጡ። ከራሳቸው በላይ ሲያንኳኳ የኖረው የስፌት መኪና ዝም ብሏል። ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። የተሰበረው እርከን ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ የወደቀችበትን ያዩት ገና ያን ጊዜ ነው።

"እግዜር ይማርሽ ልጄ" አሉ። "ነግረሽኝ ነበር። ቸል ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አሜን" አለች ዘርትሁን። "ይቀመጡ።"

ያን ጊዜ ዘርትሁን ቃሏን ሰጠች፣ ፖሊሱ ጻፈ፣ መርማሪው አየ፣ ኢንሹራንሱ እያጉረመረመ ካሣዋን ከፈለ፣ አናጢውም እርከኑን ቀየረ። "አሁን መጠየቅ ይችላሉ" የሚለው ፈቃድ ሲመጣ ጋሽ ይመር እሷው ዘንድ ተቀምጠው ነበር።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ይቆየኝ፤ የተኛ ጎረቤት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።