የወፍጮ ወቃሪዋ ሙግት

ይህችን አባባል ዛሬ የማይጠቅሳት የለም። አሠሪ ሠራተኛውን ሊያባርር ሲነሣ ጎረቤት ይጠቅሳታል፤ ሽማግሌ ይጠቅሳታል፤ ፊደል የቆጠረውማ ራሱ እንደፈጠራት ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጠቅሳት። ከየት መጣች ሲባል ግን የሚጠየቀው ጢም ያለው ነው። አሮጊት ማን ይጠይቃል? «ያልተማረች ሴት ስለ ሕግ ምን ታውቅና!» ይባላል። እሺ፣ ይባል። አባባሏን ለአገር ያወጣት ሙግት ግን ሀ ብላ ፊደል ያልቆጠረች የአንዲት ወፍጮ ወቃሪ ሙግት ነው። የሚሰማ ይስማ፤ የማይፈልግ ጆሮውን ይድፈን።

ሴትዮዋ ይርገዱ ትባላለች። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ፤ ብረት አያያዙን ከእሱ ተማረች። ወፍጮ ሲፈጭ ሲፈጭ ፊቱ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ እህሉን ይደፈጥጠዋል እንጂ አያደቅቀውም። ያን ጊዜ በመውቀሪያ ብረት እየነቆሩ ማሻከር ነው። በዚያ አገር የእጅ ወፍጮ ያላት ሴት ሁሉ የምታስወቅረው በይርገዱ ነበር።

ባላምባራስ ደባልቄ የሚባሉ ባለርስት ደግሞ በወንዙ ዳር የውሃ ወፍጮ አቁመው ነበር። ወቃሪ ከሩቅ አስመጡ፤ አልሆነም። ሌላ አስመጡ፤ ያኛው ይባስ ብሎ የድንጋዩን ጠርዝ ሸረፈው። ይርገዱ ይህን ሰማችና አንድ ማለዳ ብረቷን እንደ መሶብ እንጀራ በነጠላዋ ሸፍና ከደጃቸው ቆመች።

«ባላምባራስ፣ ወፍጮዎ ገብሱን አኝኮ ይተፋል አሉ። እኔ ልወቅርልዎት።»

ባላምባራስ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «የውሃ ወፍጮ እኮ ነው። ድንጋዩን የሚያነሣው አራት ወንድ ነው።»

«አራቱ ያንሡታ! እኔ ልወቅረው እንጂ ልሸከመው መቼ መጣሁ?»

የወፍጮው ጠባቂ ሙጬ ከጎን ሆኖ ይስቃል። ሙጬ ሥራው ውሃ መልቀቅና እህል ማፍሰስ ነው፤ ትርፍ ሰዓቱን ግን በሰው ላይ ሲቀልድ የሚያጠፋ ሰው ነበር። «ይቅጠሯት ጌታዬ፤ ብረቱ ቢደንዝባት በምላሷ ትሞርደዋለች» አለ።

«ምላሴ ካንተ አፍ ከተረፈችልኝ!» አለችው።

ባላምባራስ ቀልድ ይወዳሉና «ግቢ እንግዲህ» አሉ። ይርገዱ ግን ዘላ አልገባችም። ዱሮ በአንድ ባለጸጋ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግላ፣ አንድ ቀን ጠዋት «አልፈልግሽም» በሚል ቃል ብቻ ከነጓዟ ደጅ ወድቃለች። ምን አጥፍታ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

«ያለ ምስክር አልገባም» አለች።

«ለወፍጮ ውቀራ ምስክር? ልታገቢኝ ነው እንዴ?»

«ለጋብቻ ቢሆንማ ምስክር ሳላደክም እምቢ ባልኩዎት።»

ባላምባራስ እስኪያስላቸው ሳቁና አያ ልየውን አስጠሩ። አያ ልየው የአገሩን ሕግ በልባቸው የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸው ፊት ቃል ገባች፤ ቃልም አስገባች። ሦስት ወር ሥራዋ ይታይ፤ ከጣመ ትቀጥል። ቀለቧ በየወሩ ይሰፈር። «ጥፋት ከተገኘብኝ ግን» አለች፣ «መጀመሪያ ልጠየቅ። መልሴ ይሰማ። ከዚያ ምከሩኝ፤ ካልሰማሁ አሰናብቱኝ። ስታሰናብቱኝም ወር ሲቀረው ንገሩኝ፤ እኔም ልሄድ ስል ወር ሲቀረኝ እነግራለሁ።» ባላምባራስ «ይሁን» አሉ። አያ ልየው «ሰምቻለሁ» አሉ። ይህን ያየ ሙጬም «እኔስ ከማን አንሼ?» ብሎ በእሳቸው ፊት በዚሁ ቃል ገባ። አለቀ።

ሦስት ወሩም አለፈ፤ ሦስት ዓመትም ተከተለው። ዱቄቱ እንደ ትቢያ ደቀቀ። ከሁለት ወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው አህያውን እየጫነ መጣ።

ታዲያ ባላምባራስ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ወፍጮው ለሰለሰ። ይርገዱ ቀኑን ሙሉ ወቀረችው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረሰች። ውቀራ ደግሞ ወግ አለው። የድንጋዩ ብናኝ በተነቆረው ጉድጓድ ሁሉ ተሰግስጎ ይቀራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ቁና ማሽላ ይፈስበትና ያ ዱቄት ለከብት ይሰጣል። የሰው እህል የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ይርገዱ ይህን በሌላ እጅ አትሰጥም፤ ራሷ ናት የምታደርገው።

«ሙጬ፣ ማሽላውን በጠዋት ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብላው ሄደች።

በጠዋት ስትመጣ የድንጋዩ ዳር ነጭ ዱቄት ለብሷል።

«ሙጬ! ማን ፈጨ?»

ሙጬ ዓይኑን ወደ ቦዩ አዞረ። «እኔ ቦይ ስጠርግ ነበር፤ ምን አውቄ?»

ጠረጠረች፤ ግን በጥርጣሬ ሰው አይከሰስምና ማሽላዋን አፍስሳ፣ ወጉን አድርሳ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ከባላምባራስ ቤት ለሰርጉ የሚሆነው ስንዴ ለሙከራ ዳቦ ተደፋ። የሙሽራዋ አጎት አንድ ጉርሻ ጎረሱና ቀጭ አለ። ምራቃቸውን እንትፍ ቢሉ ጠጠሩ ብቻውን አልወጣም፤ ከነጥርሳቸው ወጣ። ለእሳቸውም በዚያ በኩል የቀረቻቸው እሷው ነበረች።

ባላምባራስ እንደ ነብር ተቆጥተው ወፍጮ ቤት ደረሱ። ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ የይርገዱን ብረት አንሥተው ወደ ቦዩ ወረወሩት።

«ጠጠር አብልተሽ በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው! ውጪልኝ!»

«ባላምባራስ፣ ልጠየቅ! ማሽላዬ ከመግባቱ በፊት የማን እህል እንደገባ ይጣራልኝ!»

«ውጪ ብያለሁ!»

«ቃል አለን እኮ…»

«ከወቃሪ ጋር ቃል የለኝም!»

ሙጬ እዚያው ቆሟል። ምላሱ ያን ዕለት የት እንደገባች እንጃ።

ይርገዱ ወጣች። የወሩ ቀለብ ቢቀር፣ ምን ይደረግ፣ ለምዳዋለች። ያልቻለችው ሌላውን ነበር። በማግስቱ የእጅ ወፍጮዋን ልታስወቅር የቀጠረቻት ሴት «ይቅርብኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብላ ላከችባት። ሌላዋም እንዲሁ። «ይርገዱ ጠጠር ታበላለች» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ በየቤቱ ገብቷል። ሰው በስሙ ነው የሚበላው፤ ስሙ ከጠፋ እጁ ምን ቢያውቅ ማን ያሠራዋል?

ወደ አያ ልየው ሄደች። ሽማግሌው ሰምተው «ተይው፣ እኔ ሄጄ ላስታርቅሽ» አሏት።

«እርቅ ማን ጠየቀዎት? እርቅ ለተጣላ ነው። እኔ የምፈልገው እንድጠየቅ ነው።»

ቅዳሜ፣ ባላምባራስ በቅሏቸውን ጭነው ወደ ገበያ ሲወርዱ ይርገዱ ከመንገዱ መሀል ቆመች።

«በሕግ አምላክ! ባላምባራስ ደባልቄ፣ ይቁሙ!»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተጠራ ንጉሥም ቢሆን እርምጃውን ይገታል። አልፎ የሄደ ሕግን ንቆ ሄደ ይባላል። ባላምባራስ ጥርሳቸውን እያፋጩ ከበቅሎ ወረዱ። መንገደኛው ከበበ። የሚሟገቱ ሰዎች በልብሳቸው ጫፍ መቆራኘት ደንብ ነውና የይርገዱ ነጠላ ከባላምባራስ ኩታ ጋር ተቋጠረ። ይህን ያየች አንዲት ቅቤ ሻጭ «ውይ ባላምባራስ! ልጅዎን ሳይድሩ ራስዎ ተዳሩ?» ብትል ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ።

ለገበያ ወርደው የነበሩት አያ ልየው ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ፤ ከመንገደኛውም ሁለት ጨዋ ሰዎች በግራና በቀኝ አስቀመጡ። ይርገዱ በነጠላዋ እንደታሰረች ተናገረች፤ ቃላቸውን፣ ውቀራውን፣ የማሽላውን ወግ፣ በጠዋት ያየችውን ነጭ ዱቄት። «የሰው እህል ከማሽላዬ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ጠጠሩ የማን ነው? የማንም ካልገባ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልሰናበት» አለች።

«መልካም» አሉ አያ ልየው። «ባላምባራስ፣ ወፍጮው በተወቀረ ማግስት በመጀመሪያ የተፈጨው የማን እህል ነው? ያውቃሉ?»

ባላምባራስ ደረታቸውን ነፉ። «ምን ማለትዎ ነው? የኔ ነዋ! ጎህ ሳይቀድ ስንዴዬን አስጭኜ ሄጄ፣ ሙጬን ውሃ ልቀቅ ብዬ፣ በገዛ እጄ ነው ያፈሰስኩት። በገዛ ወፍጮዬ ማን ሊቀድመኝ ኖሯል?»

 ከዚያ ያች ቅቤ ሻጭ አልቻለችም፤ «እንግዲያማ ጠጠሩም ለጌታው ነው የቀደመው!» አለች።

ባላምባራስ ወደ ይርገዱ ዞሩ። ማሽላውን አሰቡ መሰለኝ፤ ፊታቸው ሲቀላ ታየ። «ለምን… ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ልነግርዎት አፌን ስከፍት ነው ውጪ ያሉኝ!»

አያ ልየው ግራና ቀኝ ተማክረው ፈረዱ። ይርገዱ ጥፋት የለባትም፤ ሥራዋ ሥራዋ ነው። ስሟ ግን በአደባባይ ጠፍቷልና ያጠፋው አፍ በአደባባይ ያቅናው።

ለባላምባራስ ይህ ከጥርስ መነቀል የከፋ ነበር። ቢሆንም ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ይርገዱ አልበደለችም። ጠጠሩን ያመጣሁት እኔ በጥድፊያዬ ነው። ለሰርጉም እሷ ያልባረከችው ዱቄት ከቤቴ አይገባም» አሉ።

እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ። «እትዬ ይርገዱ፣ ሰኞ የኔን ወፍጮ!» አለች አንዷ። «ከእሷ በፊት የኔን!» አለች ሌላዋ። ይርገዱ መልስ ልትሰጥ ዞር ስትል ባላምባራስ ከሕዝቡ መሀል ሙጬን አዩት። ንዴታቸው ማረፊያ አገኘ።

«አንተ ውሻ! ማሽላ እንዳልገባ እያወቅህ ስንዴዬን ሳፈስ ዝም ትላለህ? ከዛሬ ጀምሮ ወፍጮዬን እንዳትረግጥ!» ብለው ወደ በቅሏቸው ሲራመዱ ነጠላው ጎትቶ አስቀራቸው። ቋጠሮው ገና አልተፈታም። ጫፉን ጨምድዳ የያዘችው ይርገዱ ናት።

«ልቀቂኝ እንጂ! ያንቺ ነገር አልቋል።»

«የኔ አልቋል፤ የእሱ አልተጀመረም።»

«ሙጬን? ሲስቅብሽ የኖረውን? ሲያባርሩሽ ትንፍሽ ያላለውን?»

«አዎ፣ እሱን! አፉ ክፉ ነው፤ ልቡም ፈሪ ነው። የፈራው ግን ማንን እንደሆነ እስኪ ይጠየቅ። እሱም እንደኔው ቃል ገብቶ፣ ምስክር አቁሞ ነው የገባው፤ ምስክሩም እኒሁ ሽማግሌ ናቸው። መልሱ ሳይሰማ አንድ እርምጃ ቢሄዱ ነጠላዬ ይቀደዳል እንጂ አልለቅም። አያ ልየው፣ ምን ዝም ይላሉ? ይንገሯቸው እንጂ!»

ባላምባራስ ያነሡትን እግር መለሱ። ሙጬ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሾላው ሥር ቀረበ። አያ ልየውም ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «በምስክር ያስገቡትን በቁጣ አያስወጡትም።»