ጠበቅ አድርገው

አንድ ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ ሞላልኝ ደርቤ ለአንድ የፓስታ ፋብሪካ ማስታወቂያ እንዲያነብ ገርጂ አካባቢ ወዳለ ስቱዲዮ ተጠራ። ጋሽ ሞላልኝን በመልክ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ በድምፁ የማያውቀው ግን የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳሙናውንም፣ የቤት ቀለሙንም፣ ቆርቆሮውንም፣ የክትባት ዘመቻውንም ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲል ረዳቱ ሬዲዮው የተናገረ እየመሰለው ዝም ይለዋል፤ በዚህ የተነሣ ስንት ጊዜ ከሚወርድበት አልፎ በእግሩ ተመልሷል።

ስቱዲዮው ደርሶ ቀረጻውን የሚመራው ማን እንደሆነ ሲሰማ ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ። የሚመራው ምናሴ ነበር።

ምናሴን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የድምፅ ሥራ ደጃፍ የሌለው ሙያ ነው። የትኛው ስቱዲዮ የወፍራም ድምፅ ባለቤት እንደሚፈልግ፣ የትኛው ድርጅት አዲስ ማስታወቂያ እንደሚያሠራ ሰው ከሰው እየሰማ ነው የሚሮጠው። ምናሴ ይህን አይቶ ከዓመታት በፊት ቴሌግራም ላይ «የድምፅ ሰዎች ዜና» የሚል ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ነገር ነበር። ሥራ ሲኖር ይጽፋል፤ ሰው አይቶ ይሄዳል፤ ተቀርጾ ይመለሳል።

እያደር ግን ዜናው አነሰ፣ ምክሩ በዛ። ሰኞ «ከቀረጻ በፊት ለብ ያለ ውኃ ጠጡ» ይላል። ሐሙስ «ለብ ያለ ውኃ ድምፅ ያበላሻል፣ ቀዝቃዛ ጠጡ» ይላል። አንድ ጊዜ «በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እንደ ንብ እዝ በሉ» ብሎ ጽፎ፣ አንዲት ተከታዩ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ እዝ ስትል ባልደረቦቿ ጸበል ሊወስዷት ነበር። የራሱን የምናሴን ድምፅ ግን በአንድም ማስታወቂያ ላይ የሰማ ሰው የለም። ይህን የጠየቀ ተከታይ ከገጹ ይባረራል።

የገጹ ተከታይ ዘጠኝ ሺህ ሲደርስ ስቱዲዮዎች ይፈሩት ጀመር። ማስታወቂያ የሚያሠሩ ድርጅቶችም «አሠልጣኝ» እያሉ ቀረጻ እንዲመራላቸው ይጠሩታል። ባለፈው ክረምት ደግሞ «ጊዜ ያለፈባቸው ድምፆች» ብሎ የስም ዝርዝር አወጣ። ከነዚያ አንዷ ወይዘሮ ውዴ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት የአንድ ባንክ ስልክ ላይ «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ዝርዝሩ በወጣ በሳምንቱ ድምጿን አነሱት፤ በቦታው ክላሲካል ሙዚቃ አስገቡበት።

ጋሽ ሞላልኝ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከጉሮሮው ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ምናሴ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ አንተ እያለ እሱን አንቱ እንዲሉት ይወድ ነበር፤ ጋሽ ሞላልኝም አንቱ አለው።

የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቴክኒሻኑ ጽሑፉን ለጋሽ ሞላልኝም ለምናሴም ሰጠ። አጭር ናት፤ ሦስት መስመር። «ፓስታችን ከምርጥ ስንዴ የተሠራ ነው። ቤተሰብን በአንድ ገበታ ያሰባስባል። ከዛሬ ጀምሮ ልጅ አዋቂው ይበላል።»

ጋሽ ሞላልኝ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባ፤ ማዳመጫውን አጠለቀ፤ አነበበ። ቴክኒሻኑ አውራ ጣቱን አሳየው። ወይዘሮ ብርነሽም «ይኸው አለቀ አይደል?» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

ምናሴ እጁን አነሣ። «አላለቀም። ላላ ብሏል» አለ። ከዚያ በማይኩ በኩል «ጋሽ ሞላልኝ፣ ይሄ የድሮ አነባበብ ነው። መጨረሻው ላይ ሟሟብህ። ጠበቅ አድርገው» አለው።

«መጨረሻው ላልቶ ነው የሚነበበው፣ አሠልጣኝ» አለ ጋሽ ሞላልኝ።

«ማን ነው ያለው?»

«አማርኛው።»

«አማርኛውን ለእኔ ተወው። አንተ ጉልበት ስጠው።»

ጋሽ ሞላልኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ምናሴ «ጮኽክ እንጂ አላጠበቅክም» አለ። ዝቅ አድርጎ አነበበ። «አሁን ደግሞ ለቀስተኛ መሰልክ» አለው። ፈገግ ብሎ አነበበ። «ፈገግታህ ይሰማል፣ ደስ ይላል፣ ግን አሁንም ላላ ያለ ነው» አለው። ሰባት ጊዜ ተነበበ። በሰባተኛው ወይዘሮ ብርነሽ ሰዓቷን አየች፤ ስንዴ የጫነ መኪና ፋብሪካዋ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር።

ጋሽ ሞላልኝ ማዳመጫውን አውልቆ ከክፍሉ ወጣ። ሰው ፊት ሊያሳፍረው ስላልፈለገ ወደ ምናሴ ጆሮ ጠጋ ብሎ በዝግታ ነገረው።

«አሠልጣኝ፣ ያቺን ቃል ካጠበቅኋት ነገሩ ይገለበጣል። ለሴትየዋም ለእርስዎም ደግ አይሆንም። እባክዎ ይለፉኝ።»

ምናሴ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነበር የመለሰለት።

«ሰማችሁ? የአንጋፋ ድምፆች ችግር ይሄ ነው። መመሪያ አይቀበሉም።»

ይህን ብሎ ስልኩን አወጣና ገጹ ላይ ቀጥታ ሥርጭት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አራት መቶ ሰው ገባ።

«የሙያ ቤተሰቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ» አለ ስልኩን ፊቱ ላይ ቀስሮ። «ዛሬ በተግባር ነው የምንማረው። ነባር ባለሙያ ለምን ከገበያ ይወጣል? ጠበቅ አድርግ ሲሉት ስለሚላላ ነው። አሁን ጋሽ ሞላልኝ ወይ እንደ ታዘዘው ያነባል፣ ወይ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ከእናንተ ጋር ሆነን እናያለን።»

ጋሽ ሞላልኝን ወይዘሮ ውዴ ትዝ አለችው፤ ባንኩ ጋ ደውላ የራሷን ድምፅ ስትፈልግ ሙዚቃ ብቻ እንደሰማች የነገረችው። ወደ መስታወቱ ክፍል ተመለሰና ማዳመጫውን አጠለቀ።

«አሠልጣኝ» አለ በማይኩ፣ «መመሪያውን ሳላዛንፍ እንድፈጽም በደንብ ያስረዱኝ። የቱ ይጥበቅ?»

«የመጨረሻው ቃል።»

«ቃሉ አራት ፊደል አለው። ሁሉም ይጥበቁ ወይስ አንዷ?»

ምናሴ ይህን አላሰበበትም። ግን አራት መቶ ሰው እያየው ነው። ጽሑፉን ወደ ዓይኑ አቀረበና በጣቱ እየተከተለ «ይ... በ... ላ... ል» ብሎ በልቡ ቆጠረ።

«በ» አለ። «ይ የምትባለው ትለፍ። በን አጥብቃት። ከንፈርህን ገጥመህ፣ ረገጥ አድርገህ።»

«በን ብቻ?»

«በን ብቻ።»

«ኋላ ጥያቄ ቢመጣስ?»

«ጥያቄ ካለ ወደ እኔ ይምጣ። እኔ ምናሴ ነኝ።»

ጋሽ ሞላልኝ ጉሮሮውን ጠራረገ። በዚያ የክትባት ዘመቻ በሚያነብበት፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲወጡ ባደረገው ሞቅ ያለ ድምፁ እንዲህ አለ፦

«ፓስታችን ከምርጥ ስንዴ የተሠራ ነው። ቤተሰብን በአንድ ገበታ ያሰባስባል። ከዛሬ ጀምሮ፣ ልጅ አዋቂው ይበላል።»

በ እንደ ታዘዘችው ጠብቃ፣ ረግጣ፣ ጥርት ብላ ወጣች።

ቴክኒሻኑ ግንባሩን ማሽኑ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ብርነሽ ከሶፋው ብድግ አለች።

«ምን አልክ? ልጅ አዋቂውን የሚበላው ማን ነው? እኔ የምሠራው ፓስታ ነው እንጂ ጅብ አረባለሁ እንዴ?»

በምናሴ ስልክ ላይ መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ «ልጆቻችሁን ወደ ቤት አስገቡ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ገበታው ላይ የሰበሰቡን ለዚህ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «እኛማ በዘይቱ ውድነት ጊዜ ተበልተን አልቀናል፣ ለፓስታው የተረፈ የለም» አለ።

ምናሴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሽ ሞላልኝ፣ ጽሑፉን ለወጥከው» አለ።

«አንድ ፊደል አልነካሁም።»

ወይዘሮ ብርነሽ ጽሑፉን ከምናሴ እጅ ነጥቃ ራሷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ግራ ገባት።

«እዚህማ የተጻፈው ልክ ነው» አለች። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው ሰው በላ ያደረጋችሁኝ?»

ጋሽ ሞላልኝ ከመስታወቱ ክፍል ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ጽሑፉ አንድ ነው፤ የተለያየነው እኔና አሠልጣኝ ነን። እኔ ሳላላው ደንበኛው ይበላል፤ እሳቸው ሲያጠብቁት ደንበኛው ይበላል።»

የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ ነበር ያለው። ወይዘሮ ብርነሽ አንድ አፍታ አየችው፤ ነገሩ ሲገባት እየሳቀች ተመልሳ ሶፋው ላይ ወደቀች።

«በል ጋሼ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «አንተ በምታውቀው አንብበውና ልሂድበት። እንዳታጠብቅብኝ አደራ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ስም ነው።»

አንዴ አነበበው። አንዴ ብቻ። ቴክኒሻኑ «ተቀርጿል» አለ። ወይዘሮ ብርነሽ የጋሽ ሞላልኝን ስልክ ቁጥር ተቀበለች፤ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ያለ አሠልጣኝ እንደምታሠራ ነግራው ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

ምናሴ ግን እንዲህ ሆኖ መሄድ አልሆነለትም። ስልኩ አሁንም በእጁ ነው፤ ሥርጭቱም አልተቋረጠም። እንዲያውም የሚያየው ሰው ሁለት ሺህ አልፏል። መሀል ወለሉ ላይ ቆመና አንገቱን ቀና አደረገ።

«በአንድ ፊደል የሰው ስም አይጠፋም» አለ። «ጋሽ ሞላልኝ፣ አንተ ለአንድ ማስታወቂያ ነው ያነበብከው። እኔ ግን ሙያውን ተሸክሜ ነው የምዞረው። ሁሉም ያውቀዋል፤ በእኔ ምክር ዘጠኝ ሺህ ሰው ይበላል።»

ጋሽ ሞላልኝ ኮፍያውን አድርጎ ሊወጣ እጁ በሩ መያዣ ላይ ነበር። ዞር አለና ወደ ስልኩም ወደ ሰውየውም እያየ በትሕትና መለሰለት።

«እውነት ነው፣ አሠልጣኝ። ይቺን ግን ጠበቅ አድርገው ይንገሩን።»