ቧንቧ ውስጥ የገባው ሽቦ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ጠዋት በሠራተኛው መሃል ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ያልፉ ነበር። አንድ ቀን በምድጃው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ውሃ አላሞቅ ቢል፣ አንድ በያጅ ሽቦ እንደ ፍራሽ ሞላ ጠምዝዞ ከተተበትና ውሃው ፈላ። አቶ ደምመላሽ ይህን ሰምተው እየተቆጡ መጡ።

«በውሃው መንገድ ላይ እንቅፋት ያስቀመጥከው ማንን አስፈቅደህ ነው? አስረዳኝ፤ አለዚያ ዕቃህን ሰብስብ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ውሃ በመሃል ቀጥ ብሎ ካለፈ የጋለውን የቧንቧ ግድግዳ ሳይነካ እንደቀዘቀዘ ይወጣል። ሽቦው ግን እያሽከረከረ ከግድግዳው ያገናኘዋል። እርስዎም ሦስት ዓመት ሙሉ በመሃላችን ቀጥ ብለው ሲያልፉ አንዳችንንም አላነጋገሩም፤ ዛሬ ሽቦው ቢያደናቅፍዎት ይኸው ቆመው አነጋገሩን» አላቸው።