አሮጌው የውሃ ሳጥንና የፋንታዬ ቁልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ። የዛሬው ግን የላም በረት አይደለም፣ የሽንት ቤት ነው። የሚያፍር ካለ ጆሮውን ይድፈን።

እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው አሮጌ፣ ሽንት ቤታቸው ከቤቱም የባሰ አሮጌ። አንድ ቀን የውሃ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ጎማ አለቀችና ሳጥኑ ውሃ መያዝ አቆመ። ባለቤታቸው ጋሽ ሽመክት ደግሞ ሽንት አላስቀምጥ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በገቡ ቁጥር እትዬ አሰገደች ከግቢው ቧንቧ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ። ወገባቸው አለቀ። "ሙሉውን ቀይሩት" ያላቸው ሰው ብዙ ነው፤ ባልዲውን የተቀበላቸው ግን የለም። እሳቸው የፈለጉት አንዲት ጎማ ብቻ ነበር።

ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ማስረሻ ሄዱ።

"እትዬ፣ ጎማውን ይዘው ይምጡ እንጂ! ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልሥራ?" አላቸው።

እንግዲህ ጎማ ከሌለ ማስረሻ አይመጣም፤ ማስረሻ ካልመጣ ሳጥኑ ውሃ አይዝም፤ ሳጥኑ ውሃ ካልያዘ ባልዲው አያርፍም፤ ባልዲው ካላረፈ የእትዬ አሰገደች ወገብ አያርፍም።

ወደ ዕቃ ሻጩ ወደ ሸምሱ ሄዱ። ሸምሱ ያለቀችውን ጎማ አገላብጦ አየና ሳቀ።

"እማማ፣ ይቺ እኮ እኔን በዕድሜ ትበልጣለች! የአሁኑ አይገጥምም። ከቢጤዋ ከአሮጌ ሳጥን ካልተፈታ አያገኙም።"

አሮጌ ሳጥን ከሌለ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ ማስረሻ አይመጣም፤ ማስረሻ ካልመጣ ሳጥኑ ውሃ አይዝም፤ ውሃ ካልያዘ ባልዲው አያርፍም፤ ባልዲው ካላረፈ ወገብ አያርፍም።

ወደ ቆራሌው ወደ ሙዘይን ሄዱ።

"አለኝ!" አለ ሙዘይን። እትዬ አሰገደች ተመስገን ብለው ሳይጨርሱ፣ "ግን ያስቀመጥኩት በጎረቤትዎ በፋንታዬ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው" አላቸው።

ወደ ፋንታዬ ሄዱ። ፋንታዬ ፊቷን አጠቆረች።

"ለጋሽ ሽመክት ነው? እናቴ ስትሞት ለቅሶ ላልደረሱኝ ሰው? እርስዎስ መጥተዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሳቸው ግን ራሳቸው መጥተው ካልደረሱኝ ቁልፌ አይወጣም!"

እትዬ አሰገደች ቤት ገብተው ነገሯቸው። ጋሽ ሽመክት አንገታቸውን ደፉ።

"መንገድ ላይ ቢያመልጠኝስ? አልወጣም። ምክንያቱንም ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ጋሽ ሽመክት ካልወጡ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አሮጌ ሳጥን የለም፤ አሮጌ ሳጥን ከሌለ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ ማስረሻ አይመጣም፤ ማስረሻ ካልመጣ ውሃ አይያዝም፤ ውሃ ካልተያዘ ባልዲው አያርፍም፤ ባልዲው... እኔም ደከመኝ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እትዬ አሰገደች ተመልሰው ሄዱና ፋንታዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ፋንታዬ ልጄ፣ በቃኝ። ጋሽ ሽመክት ሽንታቸውን መቋጠር አቅቷቸዋል። የእናትሽ ለቅሶ ቀን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ድረስ ወጥተው ነበር። ሰው ፊት እዋረዳለሁ ብለው ተመለሱ። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ዋሉ።"

እትዬ አሰገደች ፋንታዬ የምትጮህባቸው መስሏቸው ነበር።

"ይኼንን ነው የደበቃችሁኝ?" አለችና ቁልፏን ይዛ ተነሳች።

ቁልፉ መጋዘኑን ከፈተ፤ መጋዘኑ አሮጌውን ሳጥን ሰጠ፤ አሮጌው ሳጥን ጎማዋን ሰጠ፤ ጎማዋ ማስረሻን አመጣች፤ ማስረሻ ሳጥኑን ውሃ አስያዘ፤ ባልዲውም አረፈ።

ፋንታዬም አብራ መጣች። ጋሽ ሽመክት ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። እሷም እናቷ ዛሬ የሞተች ይመስል አለቀሰች። መሀል ላይ ግን ጋሽ ሽመክት፣ "ትንሽ ታገሺኝ" ብለው ለቅሶውን አቋርጠው ገቡ። ውሃው ሿ ብሎ ሲወርድ ተሰማ።

"ቀስ ብለው ይምጡ ጋሼ፣ እጠብቅዎታለሁ!" አለች ፋንታዬ እንባዋን እየጠረገች።

ከዚያ ወደ እትዬ አሰገደች ዞር አለች። እሳቸው በተቀመጡበት እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦዬን ቀስ ብላችሁ ቁረሱ፤ ሴትየዋን እንዳትቀሰቅሱ።