ሜዳ የወረደችው ሽኮኮ

አንድ ጊዜ፣ «ለእኔ የሚስማማኝ የሰውነት እንቅስቃሴ የትኛው ይሆን?» የሚል ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛ የኖረች አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ጥያቄው ብዙም አያስቸኩላትም ነበር። ሣር ትግጣለች፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድ ቀን ግን ንስር ሲያንዣብብ አየችና ወደ መኖሪያዋ ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ስትሮጥ፣ የወፈረው ወገቧ መግቢያው ላይ ተቀረቀረ። የኋላ እግሮቿ ውጭ ቀርተው ተንፈራገጡ። ደግነቱ ንስሩ ሌላ ታዳኝ አይቶ አለፈ።

«በሚቀጥለው አያልፈኝም» አለች። «ሳልቀጥን ከመጣ አለቀልኝ።»

ምክር ፍለጋ ስትወጣ መጀመሪያ ያገኘችው አህያን ነበር።

«አያ አህያ፣ አንተ እንዴት እንዲህ ጠነከርክ?»

«በጭነት ነዋ! ጀርባሽ ላይ አንድ ነገር ጫኚና ዳገቱን ቀስ እያልሽ ውጪ። ታዲያ በደንብ በልተሽ ነው!»

ጠፍጣፋ ድንጋይ ጀርባዋ ላይ ጫነች። ድንጋዩ ተንሸራቶ ጣላትና ላይዋ ላይ ተቀመጠ። ዛፍ ላይ የነበረችው ጦጣ በሳቅ ፈረሰች።

«ኧረ እመት ሽኮኮ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ ጠፋኝ እኮ! ይልቅ ነይ ተንጠልጠይ። ፈጠን እያልሽ፣ በባዶ ሆድ!»

ተንጠለጠለች፤ ወዲያው ቁጥቋጦ ላይ ወደቀች።

ሽኮኮ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። አንዱ ቀስ በይ ይላል፣ ሌላዋ ፍጠኚ ትላለች። አንዱ በልተሽ፣ ሌላዋ ሳትበዪ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። «ታዲያ የማን እውነት ነው?»

በዚህ መሃል ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ አለች።

«እህቴን! ምነው እንዲህ ተጎዳሽ? ጥፋቱ የቦታው ነው። ድንጋይ ለድንጋይ እየተንቀዋለሉ ምን ጤና አለ? ሜዳ ውረጂ። ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን እንሮጣለን።»

«አትበዪኝም?»

«እኔ? ሥጋ ከተውኩ ሰነበትኩ። ለሩጫ ይከብዳል።»

ሽኮኮ ይህንንም ማመን አለማመኗን አላወቀችም። ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም ለጤናዬ እያለ የሆነ ነገር ትቶ ነበር።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ሮጡ። «ጎበዝ! ወደ ኋላ እንዳታዪ!» ትላለች ቀበሮ። የሽኮኮ አጫጭር እግሮች ሣሩ ውስጥ ተጠላለፉ፤ ልቧ ልትፈነዳ ደረሰች። ዓለቱ ከኋላ እየራቀ ሄደ። ድንገት ከፊታቸው ካለው ጉብታ የጅብ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«እመት ቀበሮ፣ ደከመች? ልብላት?»

«ዝም በል አንተ ሆዳም! ገና ናት!»

«እሺ፣ ገና ከሆነች ልቀመጥ።»

ሽኮኮ ይህ ብቻ ሳያደናግራት ገባት። ዞራ ወደ ዓለቱ ፈረጠጠች። ቀበሮ ተከተለቻት፤ ጅብም ከኋላ ደረሰ።

«ሁለታችሁም ትሮጣላችሁ! የትኛዋ ናት የምትበላው?» ብሎ በቅርብ ያገኘውን የቀበሮን ጭራ ነከሰ።

ቀበሮ ስትጮህ ሽኮኮ ዓለቱ ሥር ደረሰች። እግሯ ድንጋይ ሲነካ ግን መዳፏ እንደ ሙጫ ያዘላት። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለች፣ ሳታስበው ጫፍ ላይ ወጣች። እዚያ ጎረቤቷ አሮጊቷ ሽኮኮ ቆማ አካባቢውን ትቃኛለች። የሽኮኮዎች ልማድ ነው፤ ሌሎቹ ሲግጡ አንዷ በተራዋ ጫፍ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች፣ ንስር ስታይ ታፏጫለች።

«ዛሬ ተረኛዋ አንቺ አልነበርሽም?» አለች አሮጊቷ ተቆጥታ። «የት ጠፍተሽ ነው?»

«እንቅስቃሴ ልሠራ ሜዳ ወርጄ፣ እትዬ።»

«ይህን ሁሉ ዳገት ለእኔ ትተሽ? ተራሽን ለሌላ መስጠት ከጀመርሽ እኮ ስንት ክረምት አለፈ!»

ሽኮኮ ወደ ታች አየች። ያን ሁሉ እንዴት እንደወጣችው አላወቀችም። እያለከለከች ነው፤ ነገር ግን አልወደቀችም፣ የሚያማትም ነገር የለም። በባዶ ሆድ ይሁን በልቶ፣ አሁንም ግራ እንደገባት ነው። ስንጥቁ መቼ እንደሚያስገባትም አታውቅም።

«ውረጂና ጋጪ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ ተራዬን ለማንም አልሰጥም። ተራዬ ባልሆነ ቀንም እየወጣሁ አጫውትሻለሁ። እስክቀጥን ድረስ ቢያንስ ንስሩን ቀድሜ አየዋለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚበጀን እንቅስቃሴ ለሌላው የተስማማው ሳይሆን ከምንኖርበት ቦታና ከዕለት ኑሯችን ጋር አብሮ የሚሄደው መሆኑን ነው።