የጠፋው ሐይቅ አውጫጭኝ

አንድ ደጃዝማች ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ወንዞች በቦይ ጠልፈው ቆላውን ጥጥ በጥጥ አደረጉት። በአምስተኛው ዓመት ከዚያው ጥጥ የተሠራ አዲስ ጋቢ ደርበው በታንኳ ሊንሸራሸሩ ቢወርዱ፣ ታንኳው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ላይ ተጋድሟል፤ ውሃው የለም።

ደጃዝማቹ ተቆጡና የዳርቻውን ዓሣ አጥማጆች ሁሉ ሰብስበው አውጫጭኝ አስቀመጧቸው።

«ሐይቄን የሰረቀው ሌባ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። እስከ ነገ ካልወጣ ሁላችሁም ትገረፋላችሁ» አሉ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ የሌባውን ስም መጥራትስ እፈራለሁ። የተሰረቀው ዕቃ ግን ተገኝቷል» አለ።

«የት አለ?»

«እስቲ ጋቢዎን ይጭመቁት።»